ጡረታ ወጥተን ገጠር ልንገባ ነው፤ እንዴት እንዝለቀው?

ባለሁለት ወሩ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ቀርቶኛል። 34 ዓመት ከንድፍ ጠረጴዛ አልተለየሁም፤ መጀመሪያ በእርሳስና በማስመሪያ፣ ኋላም በኮምፒውተር የሰው ቤት ስነድፍ ኖሬያለሁ። አሁን ከባለቤቴ ጋር ሆነን ከከተማ ወጣ ያለ ግማሽ ሄክታር መሬት ከነአሮጌ ቤቱ አግኝተናል። ቤቱ ከመኪና መንገድ ሃያ ደቂቃ በእግር ያስኬዳል። ከጀርባው ተዳፋት፣ ከተዳፋቱ ግርጌ ደግሞ ትንሽ ምንጭ አለች።

የመጀመሪያው ዓመት አያሳስበኝም፤ ጉጉቱ ብቻውን ይወስደኛል። የሚያሳስበኝ አሥራ አምስተኛው ዓመት ነው። ከእኔ ቀድሞ የወጣ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። በሁለት ዓመቱ ልጠይቀው ብሄድ፣ ከወንበሩ ለመነሳት በሁለት እጁ ተደግፎ አቃሰተ። መሥሪያ ቤት ሳለን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ የሚወጣ ሰው ነበር። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ እህል አልወረደልኝም።

ሦስት ነገር ንገሩኝ። ከግማሽ ሄክታሩ ስንቱን ልያዝ? ከምን ልጀምር? 75 እና 80 ያለፋችሁ ሰዎች እዚያው እንዴት ትኖራላችሁ? ቀኝ ጉልበቴ ቁልቁለት ስወርድ ያመኛል። ባለቤቴ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ መልስ አጥቻለሁ፦ «አንተ ከዛፎችህ ጋር ትውላለህ፤ እኔስ ከማን ጋር ልዋል?»

ተመላሹ መለሰ፦

ወንድሜ፣ እኔ ገጠር ገብቼ በሁለት ዓመት ከአራት ወሬ ወደ ከተማ የተመለስኩ ነኝ። መሬቱ ክፉ አልነበረም፤ ሰዉም ደግ ነበር። በገባሁ በማግስቱ ዶማ ይዤ ወጣሁ፤ ዕድሜ ልኩን ተቀምጦ የኖረ ወገብ በሦስተኛው ሳምንት እምቢ አለ። ሁለት ወር ተኛሁ። የዚያን ጊዜ ነው አንድም ጎረቤት በስሙ እንደማላውቅ የገባኝ። ባለቤቴ ብቻዋን ውሃ ስትቀዳ፣ ብቻዋን እኔን ስታገላብጥ ከረመች። አንድ ቀን ማታ «የራሴ ድምፅ እንግዳ ሆነብኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ወገቤ ቢድንም እሷን እዚያ አኖራለሁ የሚል አፍ አልነበረኝም።

የባለቤትህ ጥያቄ ከሦስቱ ጥያቄዎችህ ይቀድማል። እሱን ሳትመልስ እቃ እንዳትጭን።

የቀፎዋ እናት መለሰች፦

77 ዓመቴ ነው፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛልና አንተ ልበልህ። በ60 ዓመቴ ከነርስነት ጡረታ ወጥቼ ከባለቤቴ ጋር ገጠር ከገባን 17 ዓመት ሆነን። እሱ 82 ሞልቶታል። ይህን የምጽፍልህ ዶሮዎቹን ፈትቼ፣ መደቦቹን አጠጥቼ ገብቼ ነው። እሱ ውጭ ብስባሹን እያገላበጠ ነው፤ አካፋው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል።

ገጠር መግባት በራሱ ሰውን ብርቱ አያደርግም። ንጹሕ አየር እየሳበ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የደከመ ሰው አይቻለሁ። ከአልጋ የሚያስነሳህ የሚጠብቅህ ነገር ሲኖር ነው። ዶሮ በሯ ካልተከፈተላት ትጮሃለች፤ ችግኝ ካልጠጣ እኩለ ቀን ላይ አንገቱን ይደፋል። እኔ በ17 ዓመት ውስጥ ዛሬስ ልተኛ ያልኩበት ጠዋት ብዙ ነው፤ የተኛሁበት ግን ትኩሳት ሲይዘኝ ብቻ ነው።

ከግማሽ ሄክታሩ በእጃችሁ የምትሠሩት 200 ካሬ ሜትር ይበቃችኋል። እኛ በ1,000 ጀምረን አራት ዓመት ከአረም ጋር ስንታገል ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ200ውም ግማሹን ብቻ ያዝ። ውሃ የት እንደሚተኛ፣ የቤቱ ጥላ በየትኛው ወር እስከ የት እንደሚደርስ፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ እየዞርክ በወረቀት አስፍር። ይህ ያንተ ሙያ ነው፤ እኛ በስህተት የተማርነውን አንተ በእርሳስ ትጨርሰዋለህ።

መደቦቹን ከፍ አድርጋቸው፤ ከመሬት ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር። ወርዳቸው ከ120 አይለፍ፤ ያኔ ከሁለቱም ወገን ቆመህ እጅህ መሃል ይደርሳል፣ ጉልበትህን ሳታጥፍ ትሠራለህ፣ አፈሩም አይረገጥም። በመደቦቹ መካከል የእጅ ጋሪም ተሽከርካሪ ወንበርም የሚያሳልፍ 90 ሳንቲ ሜትር መንገድ ተው። ተሽከርካሪ ወንበር ስል አትደንግጥ። ስትገባ የ60 ዓመት ሰው ነህ፤ ቦታውን የምትሠራው ግን ለ80 ዓመቱ ሰውዬ ነው። ለእሱ የሚመች ለአንተም ይመችሃል፤ ለአንተ ብቻ የሚመች ግን አንድ ቀን እሱን ከግቢው ያስወጣዋል።

ዛፍ ግን አታዘግይ። ከዘር የበቀለ ፖም ለማፍራት ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል። አጭር በሚቀር ግንድ ላይ የተዳቀለው በሁለትና ሦስት ዓመቱ ማፍራት ይጀምራል፣ ፍሬውንም መሬት ላይ ቆመህ ትለቅመዋለህ። መሬት ላይ ቆመህ ያልኩት በምክንያት ነው።

ባለቤቴ በ71 ዓመቱ ከመሰላል ወደቀ። ከፍታው ሁለት ሜትር አይሞላም። የቀሩትን ሦስት ፍሬዎች ካላወረድኩ ብሎ ተንጠራራ፣ መሰላሉ ከሥሩ ሸሸ። የዳሌው አጥንት ተሰበረ። ስንት የተሰበረ ዳሌ ያየሁ ነርስ ነኝ፤ የእሱን ሳይ ግን ስልኩን ለመደወል ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። 65 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች በየዓመቱ ከሦስቱ አንዱ ያህል ይወድቃል፤ ይህን ለስንቱ ቤተሰብ ስነግር ኖሬ በገዛ ግቢዬ መሰላል አቁሜ ነበር።

አጥንቱ በቀዶ ጥገና ከተጠገነ በኋላ የፈራሁት አልጋውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ የሆኑ አረጋውያንን አሥር ቀን አልጋ ላይ አስተኝቶ ነበር፤ ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ያህል ሥጋ ቀንሶ ተገኘ። በአሥር ቀን! ሐኪሞቹም ይህን ያውቃሉና በቀዶ ጥገናው ማግስት በእግሩ አቆሙት። ቤት ስንገባ እኔ ተረከብኩት። መጀመሪያ ከአልጋ እስከ በር። ከዚያ እስከ ዶሮ ቤት፤ እዚያ ሲደርስ አንድ እፍኝ እህል እሰጠውና እሱ ይበትንላቸዋል። ዶሮዎቹ ለመዱት፤ ሲያዩት እየሮጡ ይመጡ ጀመር። አንዳንድ ቀን እኔ ስለምነው እምቢ ብሎ ለእነሱ ሲል ይነሳል። በሰባተኛው ወር ምርኩዙን ይዞ እስከ ቀፎዎቹ ወጣ፤ አቀበት ነው፣ 200 እርምጃ ይሆናል። እዚያ ደርሶ ሲቀመጥ እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ።

መሰላሉን ያን ሰሞን ሰጠነው። ዛፎቹን እየገረዝን አሳጠርናቸው። ደጃፋችን ላይ የነበሩትን አራት ደረጃዎችም በተዳፋት መወጣጫ ቀየርናቸው። አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ፤ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ደጃፍህ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ 7 ሜትር ከ20 ማለት ነው። ቦታውን አሁን በፕላኑ ላይ አስቀምጠው። ከመኝታ ቤት እስከ መጸዳጃ የሌሊት መብራት፣ መታጠቢያው ውስጥ የእጅ መያዣ፤ እነዚህ ቀላል ናቸው፣ ሳትገቡ ይሠሩ።

ስለ ሰውነት ልጨምር። የአትክልት ሥራ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሲያጎነብስህ ይውላል እንጂ ሁሉንም ጡንቻ አያሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሁሉ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያዛል፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነው ደግሞ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨምርበታል። 150ውን ገጠር በነፃ ይሰጥሃል። ሚዛኑን ግን ራስህ ፈልገው። እኔ ሰሃን ሳጥብ ገንዳውን ይዤ በአንድ እግር እቆማለሁ፤ ቀኝ እስከ ሠላሳ፣ ግራ እስከ ሠላሳ። ባለቤቴ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከወንበር አሥር ጊዜ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ባልደረባህ ያጣው ይህቺን ነው። ጡንቻ ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ይቀንሳል፣ ከ60 በኋላ ይፈጥናል፤ በ80 ዓመቱም ቢሆን ግን ሲያሠሩት ይመልሳል። ይህን በባለቤቴ እግር ስላየሁት አልጠራጠርም።

ጥቃቅኑን ባጭሩ። ስናረጅ የጥም ስሜት ይደክማል፤ ሳይጠማህ በሰዓት ጠጣ። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አረም ስትነቅል ቆይተህ ድንገት አትነሳ፣ ያዞርሃል። የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ክትባቱ በብዙ አገር በየ10 ዓመቱ ይታደሳል፣ የመጨረሻውን መቼ እንደወሰድክ ካላስታወስክ ሐኪምህን ጠይቅ።

አሁን ደግሞ አንድ ደስ የማይል ነገር። ቤትህ ከመኪና መንገድ ሃያ ደቂቃ በእግር ነው ብለሃል። ባንተ እግር ሃያ ነው፤ በሌሊት፣ በጭቃ፣ በቃሬዛ ስንት ነው? ስትሮክ የመታው ሰው፣ የፊቱ አንድ ወገን የወደቀ፣ ክንዱ የዛለ፣ ንግግሩ የተሳሰረ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ያለበት ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ፣ መንገዱንም አንድ ቀን በሰዓት ለካ። መኪና እስከ ደጅህ የሚያስገባ መንገድ ማውጣት ከተቻለ ከአዲስ ጣሪያም ከአጥርም በፊት እሱን ሥራ። ካልተቻለ፣ እኔ ብሆን ሌላ ቦታ እፈልግ ነበር። ከምንጯ ጋር ፍቅር እንደያዘህ ከአጻጻፍህ አይቻለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ግን ከልቤ ነው የምልህ።

የአረጋዊው ልጅ መለሰ፦

እኔ ጡረተኛ አይደለሁም፤ ገጠር የሚኖር የ79 ዓመት አባት አለኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ ከእኔ ጋር ይኑር ብዬ ሦስት ጊዜ ለምኜው እምቢ ብሎኛል። አሁን ተውኩት፤ ትክክል እሱ ነበር። ያደረግነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እሱ ይደውልልኛል። እኔ አይደለሁም የምደውለው። እስከ አንድ ተኩል ካልደወለ ለጎረቤቱ እደውላለሁ፣ ጎረቤቱም ሄዶ ያንኳኳል። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ሳይደውል ቀረ፤ በረት ውስጥ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ተቀምጦ ተገኘ። አርባ ደቂቃ ነው የተቀመጠው። ጎረቤቱ ባይኖር ስንት ሰዓት ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ልጆች ካሏችሁ ይህን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

የታሪክ መምህሩ መለሰ፦

የእትዬን ምክር እያነበብኩ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ305 ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቅቆ ዛሬ ስፕሊት በምትባለው ስፍራ፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ ተቀመጠ። ተመልሰህ ንገሥ ሲሉት በገዛ እጄ የተከልኩትን ጎመን ብታዩ ይህን አትጠይቁኝም ነበር ብሎ መለሰ ይባላል። 40 ዓመት ሳስተምረው እንደ ቀልድ እያለፍኩት ኖሬያለሁ። ጡረታ ወጥቼ የራሴን ጎመን ስተክል ግን ሰውዬው የምሩን እንደተናገረ ገባኝ። ወንድሜ፣ የመጀመሪያዋን የጎመን ቅጠል የምትቆርጥበትን ቀን ጠብቃት።

ባለሁለት ወሩ መለሰ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ባለቤትዎ ቀፎዎቹ ጋ ደርሰው የተቀመጡበት ላይ ስደርስ ድምፄ ተቋረጠ፤ እሷ ወስዳ ጨረሰችው።

ቅዳሜ መንገዱን ለመለካት እንሄዳለን። ከላይኛው ወገን ያለው ባለመሬት መተላለፊያ ከፈቀደልን መኪና የሚያስገባ መንገድ በ300 ሜትር ማውጣት እንደሚቻል ከካርታው አይቻለሁ፤ ካልፈቀደ እርስዎ እንዳሉት ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። የባለቤቴን ጥያቄ ምን ብለው ይመልሱታል? እርስዎ በየቀኑ ከማን ጋር ይውላሉ?

የቀፎዋ እናት መለሰች፦

ለእሷ በቀጥታ ልመልስላት፣ አንብብላት።

እህቴ፣ የመጀመሪያው ዓመት ለእኔም ከባድ ነበር። ሐሳቡ የባለቤቴ ነበር፤ አትክልቱም ዛፉም የእሱ፣ እኔ ረዳት ነበርኩ። ከ30 ዓመት ሥራ በኋላ የሰው ረዳት መሆን ያማል። የዳንኩት ቀፎዎቹን ስይዝ ነው። አንዲት ጎረቤቴ አስተማረችኝ፤ እሱ ንብ ይፈራል፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የእኔ ሆኑ። በደህና ወቅት አንዲት ንግሥት በቀን 1,500 እንቁላል እንደምትጥል ሳውቅ ሌሊት ስለ እሷ ሳስብ አነጋሁ። ማር የሞላው ሳጥን ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አሁን ሳጥኑን አላነሳም፣ ማሩን የያዙትን የእንጨት ፍሬሞች አንድ በአንድ አወጣለሁ፤ አንዱ ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። ሥራው ከእኔ ጋር አረጀ፣ እኔም አልተውኩት።

ከሰው ጋርም የተገናኘሁት በዚያው ነው። ማሩን ሊወስድ የሚመጣ አለ፣ ንቡ የሰፈረበት አለ፣ የደም ግፊቷን ለክቼላት እንቁላል ይዛ የምትመጣ አለች። ስንገባ ሁለታችን በየሳምንቱ አንድ ቀን የየራሳችን ወዳጅ ጋ ለመሄድ ተስማማን፤ እስካሁን አላፈረስነውም። እሱ ማክሰኞ፣ እኔ ሐሙስ።

ስለዚህ እሱ ዛፎቹን ሲነድፍ አንቺ ያንቺን ቦታ አስመልክተሽ አስነድፊው። ምን እንደሚሆን አሁን ላታውቂ ትችያለሽ። ከተቻለ ከመግባታችሁ በፊት በዓመቱ አስቸጋሪ ወቅት፣ ቀኑ በሚያጥርበት ወይም መንገዱ በሚከፋበት ወር፣ እዚያው አካባቢ ቤት ተከራይታችሁ አንድ ወር ተቀመጡ። በጥሩ ወቅት ሁሉም ቦታ ያምራል።

ባለሁለት ወሩ መለሰ፦

አነበብኩላት። ረጅም ጊዜ ዝም አለችና ንድፉን ከፊቴ ሳበችው። ከወጥ ቤቱ መስኮት ትይዩ እኔ የእንጨት ማከማቻ ብዬ የያዝኩትን ቦታ በእርሳስ ሰርዛ «ይህ የእኔ ነው» ብላ ጻፈችበት። ምን እንደምታደርግበት ገና አልወሰነችም። ዶሮ ማርባት ብትፈልግ ግን እሷም እንደ እኔ ጉልበት ያማታል፤ ጎንበስ እያሉ እንቁላል መልቀም ይቻላት ይሆን ብላ እንድጠይቅዎ አዘዘችኝ።

የቀፎዋ እናት መለሰች፦

ጎንበስ ማለት የለባትም። የእንቁላል መጣያ ሳጥኑን ከውጭ በኩል በግድግዳው ላይ በወገቧ ልክ አንጠልጥለው፣ ክዳኑም ከውጭ ይከፈት። ለዶሮዎቹ ከውስጥ መወጣጫ ጣውላ ይበቃቸዋል። የዶሮ ቤቱን ወለልም ከፍ አድርገህ ሥራውና ሲጠረግ ቆሻሻው በቀጥታ የእጅ ጋሪው ላይ ይውረድ፤ ከዚያ ወደ ብስባሹ ነው። በአምስት ወራቸው አካባቢ መጣል ይጀምራሉ። ስድስት ዶሮ ለሁለት ሰው ይተርፋል፤ የተረፈውን ጎረቤት ጋ ይዛ ትሂድ።

የወገቧን ቁመት ለካ፤ በግምት እንዳትሠራው።